ቤታችን ያጨሰው እንግዳ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ታኅሣሥ 1978 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት እማማ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ብርድ በመጣ ቁጥር የሚያስነክስዎት ያ ቀኝ እግርዎ ዘንድሮ ምን አለ? የላክሁልዎትን ቅባት ለሰፈሩ ሁሉ አካፍለው ባዶ ጠርሙስ ታቅፈው እንዳይቀሩ አደራ። እኛ፣ አምላክ ይመስገን፣ በሕይወት አለን። «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ደህና ያልሆነውን ደህና ነው እያልኩ ስለኖርኩ፣ ለእርስዎም ብደግመው ነውር ሆነብኝ።

ደብዳቤውን የምታደርስልዎት ወይዘሮ የወይንሐረግ ናት፤ ልጇን ልትጠይቅ መጥታ ወደ አገሯ የምትመለስ ጨዋ ሴት። መንገዱ ረጅም ስለሆነ አንዳንዱን ነገር እንደ ልማዳችን ሸፈን አድርጌ ነው የምጽፈው። አባባ የከረሙበትን ፀበል ሳነሳ የቱ ፀበል እንደሆነ ያውቁታል፤ መስቀልም ቄስም የሌለበት፣ እርስዎ ስንቅ ይዘው በሩ ላይ ሲቆሙ የኖሩበት። እባክዎ መነጽርዎን አድርገው፣ በርዎን ዘግተው ብቻዎን ያንብቡት። የጎረቤት ልጅ እንዲያነብልዎት አይስጡ። መጨረሻው ላይ ለእርስዎ ብቻ የሆነ ነገር አለ።

በመጀመሪያ ልጅዎን ላሳጣው ነው። ልሳነወርቅ ሲጋራ ያጨሳል። ደነገጡ? ወይስ ያኔ ተማሪ ሳለ ጓሮ ከቆርቆሮው አጥር ሥር ቆሞ ሲያነብ ይመስልዎት ነበር? እኔ እንኳ እርስዎ ያውቃሉ ባይ ነኝ። ግን ማወቅና ማየት ይለያያል። ልጅ በአባቱ ፊት አያጨስም፤ ሽበት ቢያበቅል፣ ልጅ ቢወልድ፣ አሜሪካ ቢገባም አያጨስም። ይህን ሕግ ከእኔ ይልቅ ያስተማሩት እርስዎ ነዎት።

አባባ ለሕክምና ተፈቅዶላቸው እስኪመጡ ድረስ ልጅዎ ሶፋው ላይ ተንጋሎ ነበር የሚያጨሰው። መጋረጃው፣ ምንጣፉ፣ የኔ የጸሎት ነጠላ ሳይቀር ትምባሆ ትምባሆ ይል ነበር። የሚመጡበት ቀን ሲቆረጥ ግን ሰውዬው አበደ። ግድግዳ በሳሙና ያጥባል፣ መስኮት ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ መጥቶ «እስቲ አሽትቺልኝ» ይለኛል። አቁመው አልኩት። በዚያው ቢያቆመው ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ። «ቀስ ብዬ ክዊት አደርጋለሁ፤ እስከዚያ ባዝሩም ውስጥ ነው» አለኝ። ባዝሩም የሚለው መታጠቢያ ቤቱን ነው። ወደ ውጭ እንዳይወጣ የምንኖረው ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ነው፤ ጫማውን ባነሳ ቁጥር አባባ «ወዴት ነው? እኔም እግሬን ላፍታታ» ብለው ይነሣሉ። በረንዳው ደግሞ የአባባ ወንበር የተዘረጋበት ነው።

እኔም የሽታ ዘበኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። እርጥብ ፎጣ በበሩ ሥር እጎትታለሁ። የመስኮቱን ፋን፣ ማራገቢያውን፣ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሬ አስሬዋለሁ፣ ጭሱን ወደ ጆርጂያ አቬኑ ጎዳና እንዲተፋው። ታች ፎቅ ያለችው ብርሃነሽ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳ ስለነበር ብዙ ብልሃት ነገረችኝ፤ ኮምጣጤ በጎድጓዳ ሳህን እያደረጉ በየጥጉ ማስቀመጥ፣ ቤኪንግ ሶዳ ምንጣፉ ላይ ነስንሶ አሳድሮ በቫክዩም መሳብ፣ የብርቱካን ልጣጭ ከቅርንፉድ ጋር ማፍላት። የሚረጨውን ሽቶም ሞከርኩት፤ እሱ ግን ጽጌረዳ የተቀባ ትምባሆ ሆኖ አረፈው። ልጅዎ ኮቱን መኪና ውስጥ ይተዋል፣ እጁን በሎሚ ያሻል፣ ቅርንፉድ ያኝካል። አንድ ቀን ለአባባ ሰላምታ ጎንበስ ሲል «ይህ ልጅ ጥርሱን ያመዋል እንዴ?» አሉኝ። ያን ቀን በጣም ስቄ ነበር።

አሁን ወደማያስቀው ልግባ።

አባባ ከመጡ ብዙም ሳይቆይ፣ ልሳነወርቅ ከመታጠቢያ ቤት ወጥቶ ወደ ሥራው እንደሄደ ነው። ፎጣው ተንሸራትቶ ኖሮ ሽታው ወጥቷል። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። አባባ ከክፍላቸው ወጡና ኮሪደሩ መካከል ቆሙ፤ ራሳቸውን ቀና አድርገው አሸተቱ። ቀስ ብለው «እንግዳ መጣ?» አሉኝ። እኔ ምን ልበል? «ልጅዎ ነው ያጨሰው» ይባላል? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አልኩና «አዎ አባባ፣ እንግዳ ነው» ብዬ መለስኩ። ደስ ይበላቸው፣ ልጄ አይደለም ብለው ይረፉ ብዬ ነው። «እሺ» ብለው ገቡ።

ለምሳ ልጠራቸው ስሄድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል፣ የጫማቸውን ክር አጥብቀው አስረዋል፣ ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። «አባባ፣ ወዴት ነው?» አልኳቸው። «ዝግጁ ነኝ። ሻያቸውን ጠጥተው ይጨርሱ፤ አታጣድፊያቸው» አሉኝ። የጠሩኝ በእኔ ስም አልነበረም፤ በእርስዎ ስም ነው።

እርጅና ነው ብዬ ማታውን ለልጅዎ እየሳቅሁ አወራሁለት። የሳቅሁበት ጥርሴ ይርገፍ።

ከዚያ በኋላ ሽታ ባመለጠ ቁጥር ያው ሆነ። «እንግዳ መጣ?» ይላሉ፤ መልስ ሳይጠብቁ ገብተው ጫማቸውን ያደርጋሉ። «የለም አባባ፣ ማንም አልመጣም» ብልም ከመጀመሪያው ቃሌ በኋላ የሚያምነኝ የለም። ኋላም ሽታ የሚባል ነገር መኖሩን ጨርሶ ካድን። «ምንም አይሸትም አባባ» እንላለን፣ እኔ በኮምጣጤ ሳህን እየተደናቀፍኩ። አዛውንቱ ያሸታሉ፣ ልጃቸውና ምራታቸው የለም ይሏቸዋል። ሰው በገዛ አፍንጫው ላይ ሲጠራጠር ምን እንደሚመስል አየሁ። እጃቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ዕቃ እንደ ጠፋበት ሰው ወዲያ ወዲህ ያያሉ። መብላት ተዉ። ልብሳቸው ሰፋቸው።

ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው። ሐኪሙ ቅን ሰው ነበር፤ እሱን አላማም። ሌላው ሰው የማይሸተው ነገር ይሸትዎታል ወይ ብሎ ጠየቀ። አባባ አዎ፣ ትምባሆ አሉ። ሐኪሙ ወደ ልሳነወርቅ ዞረና ቤታችሁ የሚያጨስ አለ ወይ አለው። እማማ፣ አባቱ አጠገቡ ተቀምጠዋል። እንግሊዝኛ ይሰማሉ። ልጅዎ አንገቱን ደፍቶ የለም አለ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ እኔም ዝም አልኩ። ስሙን ልሳነወርቅ ብላችሁ አወጣችሁለት፤ በአባቱ ፊት ግን ያ ወርቅ ምላስ ቁልፍ ነው። ከዚያማ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነ። ጭንቅላታቸውን በመሣሪያ አነሡ፣ ደም ቀዱ፣ የሚያፈዝ ኪኒን ሰጡ። አባባ ኪኒኑን ውጠው እያንቀላፉም ጫማቸውን አያወልቁም።

ፀበሉ ላይ አብረዋቸው የነበሩ አቶ ሠረቀብርሃን የሚባሉ ሰው አሉ፤ አሁን አሌክሳንድሪያ ተቀምጠው ታክሲ ይነዳሉ። በመስከረም አባባን ሊጠይቁ መጡ፤ አባባ ግን በኪኒኑ ደንዝዘው ስለነበር እምብዛም አልተጫወቱም። በሳምንቱ እኛ ቤታቸው ድረስ ሄደን የአባባን ነገር አጫወትናቸው። እኔ ነኝ የተናገርኩት፤ ልጅዎማ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። «እንግዳ መጣ» የሚለው ላይ ስደርስ ሰውዬው የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ።

እንዲህ አሉን። እዚያ ፀበል የሚያጠምቁት ሰውዬ ሲጋራ ከእጃቸው አይለይም ነበር። ገና በሩ ሳይከፈት በኮሪደሩ ሽታቸው ይቀድማል። ሽታው ሲገባ ሁሉም ጫማውን ያደርጋል፤ ስሙ የሚጠራው ማን እንደሆነ አይታወቅማ። ስማቸውን በግልጽ መጥራት ስለማይቻል እስረኛ… ይቅርታ፣ ፀበልተኛው ሁሉ «እንግዳ መጣ» ይባባል ነበር። ይህን ስም ያወጡላቸውም አባባ ናቸው። ለምን እንግዳ እንዳሏቸው ብዙ ጊዜ ጠይቀናቸው አልነገሩንም አሉ አቶ ሠረቀብርሃን።

ወደ ቤት ስንመለስ የወንዙን ድልድይ ተሻገርን። ከዚያ ልጅዎ መኪናውን ጥግ አስይዞ አቆመና የሲጋራ ፓኬቱን ወደ ወንዙ ወረወረው። ራሱን መሪው ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላጨሰም፤ እውነቱን ልናገር፣ አንድም አልለኮሰም። ግልፍተኛ ሆነ፣ ሌሊት ይወራጫል፣ ግን አላጨሰም። እኔም መጋረጃውን ጣልኩና አዲስ ሰቀልኩ፣ የሕንፃውን ማናጀር ለምኜ ግድግዳውን ቀለም አስቀባሁ። ተገላገልን አልን።

በኅዳር ብርዱ ጠና። የሕንፃው ማሞቂያ ተለቀቀ። ግድግዳው ሲሞቅ፣ እማማ፣ ያ ሁሉ ዓመት የጠጣውን ትምባሆ ማላብ ጀመረ። ከቀለሙ ሥር፣ ከምንጣፉ ሥር፣ ከማሞቂያው ብረት ውስጥ ይወጣል። በኮምጣጤ አይሄድ፣ በሶዳ አይሄድ። የሚያጨስ የለም፣ ሽታው ግን ቤቱን ሞልቶታል። ፊት ሽታው ይመጣና ይሄድ ነበር፤ አሁን እንግዳው ጭራሽ ገብቶ ተቀመጠ። አባባ በጫማቸው መተኛት ጀመሩ። እግራቸው አበጠ። ልናወልቅላቸው ስንነካቸው ይንቀጠቀጣሉ። ውኃ ብቻ ነው የሚጠጡት። እንዲህ ከቀጠለ እንደሚሞቱብኝ ገባኝ።

ልሳነወርቅን ያዝኩት። ንገራቸው አልኩት። ዝም አይነቅዝም ሲለኝ፣ ዝም አይነቅዝም፣ አባትህ ግን ነቅዘው አለቁ አልኩት። ክፉ ቃል ነው፤ አምልጦኝ ነው። ሄዶ ፊታቸው ቆመና፣ አባባ፣ ይህ ሽታ የኔ ነው፣ ሳጨስ የኖርኩት እኔ ነኝ፣ እንግዳ የለም አላቸው። ምን ቢሉት ጥሩ ነው? ፈገግ ብለው ጠጋ በል አሉትና በጆሮው «ልጄ አያጨስም፤ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ለእኔ ብለህ በራስህ ላይ አትመስክር። አንተን እንዳይወስዱህ» አሉት። በቃል ማስረዳት እዚህ ላይ አለቀ። ማየት ነበረባቸው።

ቅዳሜ ዕለት ረፋዱ ላይ ነው። ልጅዎ ወርዶ ፓኬት ገዝቶ መጣ። አባባ እንደተለመደው አልጋው ጫፍ ላይ ነበሩ። እሱ ፊት ለፊታቸው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ክብሪቱ እየጠፋ አስቸገረው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰው በአባቱ ፊት ልብሱን ሲያወልቅ የማይ ያህል አፈርኩ። ይቅርታ አባባ አለና ለኮሰ። ሳበ። ጭሱ ወደሳቸው ሄደ።

አባባ አዩት። አልተቆጡም። አልጮሁም። ጎንበስ አሉና፣ ለማንም እምቢ ያሉትን ያን ጫማ ክሩን በራሳቸው እጅ ፈቱት። ካልሲውን ሳቡት። ያበጠ እግራቸውን አነሡና ልጃቸው ጉልበት ላይ፣ ውስጡን ወደ ሲጋራው አዙረው፣ አስቀመጡለት። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

የአባባን የውስጥ እግር ያን ቀን አየሁት። ዓመት ሙሉ ካልሲያቸውን ለምን ራሳቸው እንደሚያጥቡ ገባኝ። ጠባሳው ክብ ክብ ነው፤ እያንዳንዱ የሲጋራ ጫፍ ያህል ነው። ብዙ ነው። ከዚህ በላይ አልጽፍልዎትም።

ሲጋራውን የት እንደጣለው አላውቅም፤ ምንጣፉ ላይ የተቃጠለ ቦታ አለ። ልጅዎ እግራቸውን በሁለት እጁ ይዞ ተደፋበት። ያን ጠባሳ እየሳመ እንደ ሕፃን «እኔ ነኝ አባባ፣ ልሳነ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ይላል። እኔም ከበሩ ላይ ተንሸራትቼ መሬት ተቀመጥኩ። አባባ ቀስ ብለው ዓይናቸውን ገለጡ። እጃቸውን ራሱ ላይ አደረጉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጠጉሩን አሸተቱት፤ እናት ጨቅላዋን እንደምታሸት። ደጋግመው አሸተቱት። ከዚያ «አንተ ነህ እንዴ? ትምባሆ ትምባሆ ትላለህ። እናትህ እንዳትሰማ» አሉት።

ያኔ ሌላኛውንም ጫማ አወለቅንላቸው።

እማማ፣ እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ወደዚህ ለመድረስ ነው።

ከሰዓት በኋላ እግራቸውን ለብ ባለ ውኃ አጥቤ፣ ትራስ ላይ አሳርፌ፣ ሻይ ይዤላቸው ገባሁ። ብርጭቆውን አዩና እንደገና በእርስዎ ስም ጠሩኝ። እንግዶቹ ሄዱ ወይ አሉኝ። ሄደዋል፣ አይመለሱም አልኳቸው። አጠገቤ ተቀመጪ አሉኝ። የተናገሩትን አንድም ሳልጨምር፣ አንድም ሳልቀንስ እጽፍልዎታለሁ፤ ለእኔ አልነበረማ።

«ያን ቀን መኝታ ቤት ገብተሽ ‹እንግዳ መጥቶልሃል› ያልሽኝን በሆድሽ ይዘሽ እንዳትኖሪ። ሳሎን አስቀምጠሽ ሻይ አቀረብሽላቸው፣ መተርኮሻ ሰጠሻቸው። የጨዋ ልጅ ነሽ፤ በር ያንኳኳ ሁሉ እንግዳ ነው የሚመስልሽ። በሩን ባትከፍቺላቸውም ሰብረው ይገቡ ነበር። እዚያ ሆኜ ሽታቸው በመጣ ቁጥር ‹እንግዳ መጣ› የምለው አንቺን ለማማት አልነበረም። ባንቺ ድምፅ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ቃል እሱ ስለሆነ፣ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው።»

እሺ አልኩ። በእርስዎ ስም፣ ያለ ፈቃድዎ፣ እሺ አልኩ። ሻያቸውን ጠጡና ተኙ። አሁንም ተኝተዋል፤ ጫማቸው በሩ ሥር ነው። ትንሽ ትንሽ ሾርባ መቅመስ ጀምረዋል፤ ጉልበታቸው ግን አልተመለሰም፣ ሐኪሙም ዓይን ዓይኔን አያየኝም። የመውጫ ፈቃድዎ ነገር ከተሳካ አንድ ቀን እንዳያሳድሩት።

አባባ ፀበል ሳሉ፣ እርስዎ ዘንድ በሙሽርነቴ ስኖር አንድ ነገር ይገርመኝ ነበር። ዘመድ መጣ፣ ጎረቤት መጣ፣ ባዕድ መጣ፣ እርስዎ የሚሉት «ሰው መጥቷል» ነበር። ሁልጊዜ «ሰው»። አንድ ጊዜ እኔ «እማማ፣ እንግዳ መጥቷል» ብዬ ስገባ ሰፌዱ ከእጅዎ ወደቀ። ደነገጡብኝ ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። የአነጋገር ልማድ ነው ብዬ ነበር የተውኩት።

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልዎት። ዓይንዎ የናፈቀውን ሳያይ አይከደን። ከእንግዲህ በርዎን የሚያንኳኳ ሁሉ በሰላም የሚመጣ፣ በሰላም የሚሄድ ይሁንልዎት፤ እርስዎም እንደ ድሮዎ «እንግዳ መጣ» ብለው ይቀበሉት።

ልጅዎ ጉልበትዎን ይስማል። ስለ ሲጋራው እንዳልሰሙ ይሁኑለት።

ስምዎን የተዋሰች ምራትዎ